ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት፦ ለሬዲዮ ቴሌስኮፕ ዕቅድ የድጋፍ ጥሪ

ይህ ጥሪ አንቴና ለመግዛት የሚደረግ መዋጮ አይደለም፤ አንቴናውን የሚገዙት መንግሥታትና ትልልቅ ተቋማት ናቸው። የምንጠይቀው ዲስክ፣ የኮምፒውተር ጊዜ፣ የመለኪያ ዕቃና ጥቂት ገንዘብ ነው። ተመራማሪዎች፣ በተለይ ከኋላቸው ትልቅ ተቋም የሌላቸው፣ ለአዲስ የቴሌስኮፕ ዕቅድ የሚሰጡት ሐሳብ በስሌት ተፈትኖ እንዲቀርብ እንፈልጋለን።

አሁን መሆኑ ምክንያት አለው። አሜሪካ፣ ኒው ሜክሲኮ ያለው ቪኤልኤ የተባለው የሬዲዮ ቴሌስኮፕ እያንዳንዳቸው 25 ሜትር ስፋት ያላቸው 27 አንቴናዎች አሉት፤ በሐዲድ እየተጓጓዙ አራት ዋና ዋና አቀማመጦች ይይዛሉ። ሰፊ የጋዝ ደመና የሚያጠና ሰው ተጠጋግተው የቆሙበትን ወቅት፣ ጥቃቅኑን የሚፈልግ እስከ 36 ኪሎ ሜትር የተራራቁበትን ወቅት ይመርጣል። ተተኪው እንዲሆን በታቀደው ኤንጂቪኤልኤ ግን 244 ባለ 18 ሜትርና 19 ባለ 6 ሜትር አንቴናዎች በተተከሉበት ይቀራሉ። አንድ አቀማመጥ ለሁሉም ጥናት መብቃት አለበት ማለት ነው። መሠረቱ ከተሞላ በኋላ «እነዚህ ትንሽ ቢጠጉ» የሚል አስተያየት የሚሰማው የለም።

የተመራማሪዎች ማኅበረሰብ ሐሳብ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ይሰማል፤ ለዚሁ ዕቅድ የቀረቡት ከ80 በላይ የጥናት ሐሳቦች ለቴሌስኮፑ መስፈርቶች መነሻ ሆነዋል። ችግሩ ብዙ ሐሳብ በደፈናው መጻፉ ነው። «በተቻለ መጠን ደካማ ምልክት እንዲይዝ» የሚለውን መሐንዲስ ወደ ምንም ሊለውጠው አይችልም። የሚያስፈልገው ድግግሞሹ፣ መለየት ያለበት ትንሹ መጠን፣ መታየት ያለበት ትልቁ መጠን፣ የሚፈቀደው የኖይዝ (ምልክቱን የሚሸፍን ሁከት) ልክና የምልከታው ሰዓት ነው። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ትልቁ መጠን ነው። የሁለት ባለ 18 ሜትር ሳህኖች ማዕከል ከ18 ሜትር በታች ሊቀራረብ አይችልም፤ ስለዚህ በ1 ሴንቲ ሜትር የሞገድ ርዝመት ከ2 አርክ ደቂቃ (አንድ አርክ ደቂቃ የዲግሪ 1/60 ነው) ገደማ በላይ የሰፋ ነገር ከምስሉ ይጠፋል። ትንንሾቹ ባለ 6 ሜትር አንቴናዎች የታቀዱት ይህን ክፍተት ለማጥበብ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያጣላው ግን በምስል ጥራት (ጥቃቅን ዝርዝር በመለየት) እና ደካማ ብርሃን በመያዝ መካከል ያለው ድርድር ነው። በአንድ ነጥብ ላይ ያለው የኖይዝ መጠን ሳይለወጥ የምስሉ ጥራት በ10 እጥፍ ቢጨምር፣ ለተንጣለለ ጋዝ ኖይዙ በ100 እጥፍ ያድጋል፤ የሚታየው የሰማይ ቁራጭ ስፋት በ100 እጥፍ አንሷልና። ያንን በምልከታ ሰዓት ለማካካስ 10,000 እጥፍ ጊዜ ያስፈልጋል። ሁለቱንም የሚጠይቅ ሐሳብ በወረቀት ላይ ያምራል፣ ሲሰላ ግን አንድ ምንጭ ለማየት የዓመታት ምልከታ ሆኖ ይገኛል። ይህን አስቀድሞ የሚያሳየው ሲሙሌሽን፣ ማለትም ምልከታውን በኮምፒውተር አስመስሎ ማስላት ነው።

ሥራው የሚካሄደው ካሳ (CASA) በተባለው ነፃ የሬዲዮ አስትሮኖሚ ሶፍትዌር ነው። የሰማይ ሞዴል ይዘጋጃል፣ የአንቴናዎቹ አቀማመጥ ይሰጠዋል፣ እያንዳንዱ የአንቴና ጥንድ የሚመዘግበው ይሰላል፣ ኖይዝ ይጨመርበታል፣ ከዚያ ምስል ተሠርቶ ከሞዴሉ ጋር ይነጻጸራል። ኖይዝ ያልገባበት ሲሙሌሽን ሁልጊዜ ያምራል፤ እንዲህ ያለውን አንቀበልም። ከድሮ ቴሌስኮፕ የተወሰደ ምስል እንደ ሞዴል ሲገባም ዝርዝሩ ቀድሞ የደበዘዘ ስለሆነ፣ አዲሱ ቴሌስኮፕ የሚያተርፈው ነገር የሌለ ያስመስላል።

ዲስኩ ለምን እንደሚያልቅ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። 27 አንቴናዎች 351 ጥንድ ይሆናሉ፤ 244 ግን 29,646። ለ4 ሰዓት፣ በየ10 ሰከንዱ፣ በሁለት ፖላራይዜሽን (የሞገዱ የመወዛወዝ አቅጣጫ) እና በ1,000 ቻናል (የድግግሞሽ ክፍልፋይ) ሲመዘገብ 683 ጊጋባይት ነው፤ ሞዴሉና የታረመው ቅጂ ሲታከሉ ከ2 ቴራባይት ያልፋል። ለረጅሙ ርቀት ደግሞ 10 ሰከንድ ራሱ ይበዛል፤ ከመስኩ መሃል የራቁ ምንጮች ይደበዝዛሉ፣ ስለዚህ ፋይሉ ገና ይተልቃል።

ስለዚህ መጀመሪያ የምንፈልገው ባለ 16 ቴራባይት 4 ዲስኮች ነው። ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ የሌላውን ቅጂ ስለሚይዝ የሚሠራበት 32 ቴራባይት፣ ማለትም ወደ 15 ሙሉ ሲሙሌሽን ይሆናል። ያገለገለ ዲስክ ከመላኩ በፊት የጤና ምርመራው ውጤት ይያያዝ። የኮምፒውተር ጊዜ መስጠት የምትችሉ ተቋማት፣ ቢያንስ 128 ጊጋባይት ራምና ከማሽኑ ጋር የተያያዘ ፈጣን ዲስክ ያለው ይመረጣል። ምስል ሲሠራ ብዙውን ጊዜ ሥራውን የሚያጓትተው ከፕሮሰሰሩ ይልቅ ዲስኩ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ለታሰቡ ቦታዎች የሬዲዮ ጣልቃ ገብነት መለኪያ ሁለት ኪት ነው። ሁለት የሆነው እኩል ሰዓት ላይ ተራርቀው ሲለኩ የአካባቢውን ምልክት ከሩቁ ለመለየት ነው። ለአንዱ ኪት ሎግ ፔሪዮዲክ አንቴና (ሰፊ የድግግሞሽ ክልል የሚይዝ)፣ ፊልተሮች፣ ዝቅተኛ ኖይዝ ያለው አምፕሊፋየር፣ ስፔክትረም አናላይዘር (የምልክቱን ኃይል በየድግግሞሹ የሚያሳይ)፣ ለመለኪያ ማረሚያ የታወቀ የኖይዝ ምንጭ፣ የጂፒኤስ ሰዓትና ባትሪ ያስፈልጋል። ፊልተሩ ከአምፕሊፋየሩ በፊት ይገባል፤ አለዚያ የኤፍኤም ወይም የሞባይል ምልክት አምፕሊፋየሩን አጥለቅልቆ የሌሉ ምልክቶችን ይወልዳል። ርካሾቹ ባለ 8 ቢት ተቀባዮች በጠንካራና በደካማ ምልክት መካከል የሚችሉት ልዩነት 50 ዴሲቤል ያህል ብቻ ስለሆነ ለመለማመጃ እንጂ ለሪፖርት አይሆኑም። ላፕቶፑ በብረት ሳጥን ይዘጋል፤ ጄኔሬተርና ኢንቨርተር አናስጠጋም፣ ራሳቸው ያስተላልፋሉና።

ለሃይድሮጅን ጋዝ የሬዲዮ ምልክት ከሌሎች አስተላላፊዎች የተጠበቀው ባንድ ከ1400 እስከ 1427 ሜጋኸርትዝ ነው፤ የሩቅ ጋላክሲዎች ሃይድሮጅን ድግግሞሽ ግን ዩኒቨርሱ ስለሚሰፋ ወደ ታች ይወርዳል። ሬድሺፍቱ (የዚህ መውረድ ልክ) 0.1 ከሆነ 1291 ሜጋኸርትዝ ላይ ይገኛል፣ እዚያ ደግሞ ራዳር አለ። ስለዚህ የተጠበቀው ባንድ ንጹህ መሆኑን ብቻ የሚያሳይ ልኬት ለዕቅዱ ብዙም አይረዳም።

የቀረው ገንዘብ ለዕቃ ማጓጓዣና ለወጣት ተመራማሪዎች ወደ ውይይት ስብሰባ መጓጓዣ ነው፤ ደመወዝ አንከፍልም። ሞዴሎቹ፣ ስክሪፕቶቹና ልኬቶቹ ሁሉ ለማንም ክፍት ይሆናሉ፣ ሐሳቡን የማይደግፍ ውጤት ቢሆንም። ገንዘብ የምትሰጡ ለየትኛው ሥራ እንደሆነ ለዩልን፤ ካልተለየ መጀመሪያ ለዲስክ ይውላል፣ ያለ እሱ ሌላው አይጀመርምና።