«መድኃኒቱን ለምን ተወው?» ከማለታችን በፊት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስኪዞፍሬኒያ የተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ስለሚያገረሽበት ምክንያት ያወጣችሁት ጽሑፍ ጥፋቱን ሁሉ መድኃኒት በሚያቋርጡ ታማሚዎች ላይ ጥሏል። ወንድሜን ለዓመታት ሳስታምም ያየሁት ግን ከዚህ ይለያል።

መድኃኒቱ እንደሚጠቅም አልጠራጠርም። እ.ኤ.አ. በ2012 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ፣ 65 ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ እንዳሳየው፣ በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ሕመሙ ያገረሸባቸው መድኃኒቱን ከቀጠሉት 27 በመቶ፣ መድኃኒት በሌለበት ማስመሰያ ክኒን ከተተካባቸው ደግሞ 64 በመቶ ናቸው። ይህን ለእኛ የነገረን ሐኪም አልነበረም፤ የተባልነው «ይውሰድ» ብቻ ነው። ድምፅ መስማቱ ቀርቶለት፣ እንቅልፉ ተመልሶለት ድኛለሁ ያለ ሰው ለምን እንደሚቀጥል ካልተነገረው ቢተወው ምን ይገርማል? ደግሞም ባቆመ ማግስት ላይታመም ይችላል። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት በደኅና ያልፋሉ፤ የሚያታልለውም ይኸው ነው።

ወንድሜ አንድ ሰሞን መቀመጥ አቃተው። ምግብ ቀርቦ ሁለቴ ሳይጎርስ ይነሣል፤ ቆሞም አንዱን እግር ሲያነሣ አንዱን ሲጥል ይውላል። ሐኪሙ ሕመሙ የበረታበት መስሎት መጠኑን ጨመረ፣ መቁነጥነጡም ባሰ። በኋላ ያየችው ሐኪም «እግርህን አላስቀምጥ የሚልህ ነገር አለ?» ብላ ጠየቀችው። የመድኃኒቱ ጣጣ መሆኑ ገብቷት መጠኑን ቀነሰችለት። ጥያቄው ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ክብደት መጨመርን፣ መደንዘዝን፣ በተለይም የወሲብ ስሜት መቀነስን ሐኪሙ ቀድሞ ካልጠየቀ ብዙ ታማሚ አፍ አውጥቶ አይናገርም፤ ዝም ብሎ ያቆማል።

በየቀኑ በሚዋጠው ክኒን ፈንታ በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ የሚወጋ መርፌም አለ። ሲነሣ የሰማሁት ግን ክኒን እምቢ ላለ ሰው እንደ ማስፈራሪያ ሆኖ ነው። ለተስማማው ሰው ግን በየጠዋቱ «ዋጥህ ወይ?» የሚለውን ንትርክ ከቤት ያስወጣል፤ ንዝንዝና ወቀሳ የበዛበት ቤት ራሱ ለማገርሸት እንደሚያጋልጥ ደግሞ ከታወቀ ቆይቷል።

ሐኪሞችን የምለምነው፣ ታማሚው ከሆስፒታል ሲወጣ የእርሱን የማስጠንቀቂያ ምልክቶችና ያን ጊዜ የሚደወልበትን ስልክ ጽፈው ለቤተሰቡ እንዲሰጡ ነው። ምልክቱ ከሰው ሰው ይለያያል፤ የወንድሜ መጀመሪያ እንቅልፍ ማጣት ነው፣ ከዚያ መጋረጃ መዝጋት። መድኃኒቱን ላቁም የሚል ሲመጣም አትቆጡት። በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ እየቀነሳችሁ፣ ቀጠሮውን እያቀራረባችሁ ተከታተሉት፤ ከተቆጣችሁት ተደብቆ ያቆማል።

አንዲት አስታማሚ