ደብዳቤ ለልጄ፦ ሕፃኑን አታስለቅሱት

ጅማ፣ ኅዳር

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ቡናው እየተለቀመ ነው። የአባትሽን ጉልበት ብርዱ ያመዋል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም።

አክስትሽ እሑድ ደውላ ስለ ሥራሽ አጫወተችኝ። መጀመሪያ በደስታ ነበር የማዳምጣት። ስለ አንዲት መምህርትና ስለ ትንንሽ ተማሪዎቿ የሚተርክ የልጆች ድራማ፣ ልጆቹን የምታለማምደውም የእኔ ልጅ! ዕድሜዋን በጠመኔ አቧራ ውስጥ ላሳለፈች እናት ከዚህ በላይ ምን ኩራት አለ? ቀጥላ ግን ትንሹ ልጅ እንባው አልመጣ ሲል «እናትህ ጥላህ ሄዳለች» እንደተባለ ነገረችኝ። ቀረጻውም እኩለ ሌሊት አልፎ ነው የተጠናቀቀው አለች። ማን እንዳለው አላወቀችም። ማንም ይበለው፣ አንቺ አጠገቡ ነበርሽ። ሕፃኑን አታስለቅሱት።

በስልክ የላክሽልኝን የሜክሲኮውን «ካሩሴል» ከእህትሽ ልጅ ጋር ሆኜ አየሁት። በአውሮፓውያን 1989 የታየ ድራማ ቢሆንም፣ ስፓኒሽም ባላውቅ፣ ክፍሉን ግን አወቅሁት። የአናጢው ልጅ ሲሪሎ ጥቁርና ደሃ በመሆኑ የሐኪሙ ልጅ ማሪያ ሆአኪና ስትንቀው፣ እንዲህ ያለው ልጅ በየዓመቱ ከፊቴ ይቀመጥ ነበር። መምህርት ሂሜናን ወድጃታለሁ፤ ለእኔ ግን ለስላሳነቷ በዝቷል። የእናንተዋ መምህርት አልፎ አልፎ ትቆጣ። ልጆች የማትቆጣ መምህርት አያምኑም።

የጅሬኑን ልጅ ታስታውሺዋለሽ፤ ቤታችን መጥቶ የአያትሽ ባርጩማ ላይ ተቀምጦ ወተት የጠጣውን። ለምን ትምህርት ቤት ቀርቶ እንደነበር ግን ያን ጊዜ ልጅ ስለነበርሽ አልነገርኩሽም። ካሜራ የያዙ እንግዶች መጥተው ስለ ተቸገሩ ተማሪዎች ፊልም እንሠራለን አሉ። እኔን ከክፍል አስወጥተው እሱን መረጡ። ደብተር የለኝም ብሎ እንዲያለቅስ ጠየቁት። ደብተር ነበረው፤ የገዛሁለት እኔ ነኝ። አላለቅስም ሲላቸው ስለሞተው አባቱ ጠየቁት። ያን ጊዜ አለቀሰ። እነሱም አመስግነው ሄዱ።

በማግስቱ ቀረ። በሳምንቱም ቀረ። ቅዳሜ ዳገቱን ወጥቼ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለፍ ብሎ ከአያቱ ጋር ቡና ሲያሰጣ አገኘሁት። አያቱ ቡና አፍልተው፣ አማርኛውን ከኦሮምኛ እየቀላቀሉ፣ «አባቴን በሰው ፊት ሸጥኩት ይላል» አሉኝ። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ! አግባብቼ መለስኩት፤ ስምንተኛ ክፍልንም ጨረሰ። የክፍል ፎቶ በምንነሣበት ቀን ግን ሁልጊዜ ይቀር ነበር።

ስለዚህ ደግሜ እልሻለሁ፣ ሕፃኑን አታስለቅሱት። ያዘነ ልጅ ክፍል ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አያለቅስም። የእርሳሱን ጫፍ ይነክሳል፤ የዴስኩን ጠርዝ በጥፍሩ ይፍቃል፤ ስትጠይቂው የሰማውን አልሰማሁም ይላል። ጓደኛው ሳቁን ያቋርጥና ሰርቆ ያየዋል። ይህን ቅረጹ። እርሳሱን እንዲነክስ ልትነግሪው ትችያለሽ፤ አይጎዳውም፣ ጨዋታ መሆኑንም ያውቃል።

አባባ ተስፋዬ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲያወሩ የልጅ እንባ አላስፈለጋቸውም። አንቺም በጎረቤታችን ቴሌቪዥን ፊት ተደርድራችሁ ሰላምታቸውን ትመልሺ ነበር። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም የጀመረችው ብሩክታዊት ጥጋቡም መምህርት ነበረች፤ ቀጭኔዋን ፀሐይን አሻንጉሊት አድርጋ ነው ያሠራቻት። እናንተ የያዛችሁት ግን አሻንጉሊት አይደለም፤ ይርበዋል፣ እንቅልፉ ይመጣል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አንብቢ። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይቀጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያለውን እንኳ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ወይም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት አይፈቀድም። ድራማ ሌላ ነው ትዪኝ ይሆናል። የሰባት ዓመት ልጅ እንቅልፍ ግን ያው እንቅልፍ ነው። ምሽት ላይ ቀረጻ ካለ፣ የልጆቹን ክፍል አስቀድማችሁ ጨርሱና ወደ ቤታቸው ስደዷቸው። አለቃሽ ከተቆጣ ይቆጣ። ሥራውን ብታጪ እንኳ ቤትሽ እዚህ ነው፣ እናቴ።

ቡናና ማር በማክሰኞው አውቶቡስ ልኬልሻለሁ። ማሩ በቢጫው ጀሪካን ነው፤ ክዳኑ ስለሚላላ አታጋድሚው። ዳቦ ቆሎው ለልጆቹ ነው፤ ከቀረጻ በፊት አብሊያቸው፣ ባዶ ሆድ አታስቁሚያቸው። ጉንፋንሽ ካልለቀቀሽ ሐኪም ቤት ሂጂ፤ ዝንጅብል ብቻ አይበቃም።

ያ ትንሹ ልጅ እናቱ ጥላው እንዳልሄደች ከአንቺ አፍ ይስማ። ዛሬውኑ ቤቱ ሂጂና እናቱ ባለችበት ንገሪው፤ ይቅርታም ጠይቂው። የእናቱን ስልክ ላኪልኝ፤ እኔም አነጋግራታለሁ።

እናትሽ