ሪቤቱ ከራሳችን ኪስ የወጣ ገንዘብ ነው

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ መብራትና ጋዝ ቢል መወደድ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ጽሑፍ ነው። መጨረሻው ላይ ግን «ስማርት ቴርሞስታት ብታስገቡ መንግሥት ወጪያችሁን ይመልስላችኋል» የምትል አንዲት መስመር አለች። ስማርት ቴርሞስታት ማለት ማሞቂያውንና ኤሲውን በራሱ የሚያስተካክል የሙቀት መቆጣጠሪያ ነው። እኔ ሜሪላንድ ውስጥ የማሞቂያና የኤሲ ቴክኒሻን ነኝ። ያቺ መስመር ከወጣች ወዲህ ስልኬ አላረፈም። ግማሹ ደዋይ «የመንግሥቱን ነፃ ቴርሞስታት መቼ ነው የምትገጥምልኝ?» ይላል። ግማሹ ደግሞ «ባክህ ውሸት ነው፣ እዚህ አገር ነፃ ነገር የለም» ይለኛል። ሁለቱም ልክ አይደሉም፤ ጽሑፉም ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ጨፍልቋል። አንደኛው ከመብራት ኩባንያ የሚመጣ ሪቤት ነው፤ ዕቃውን ከገዛችሁ በኋላ ከዋጋው ላይ የሚመለስ ገንዘብ ማለት ነው። ሌላው በፌዴራል ታክስ ላይ የሚታሰብ ክሬዲት ነው፤ ከምትከፍሉት ታክስ ላይ የሚቀነስ ማለት ነው። ምንጫቸውም ሕጋቸውም ይለያያል።

ከሪቤቱ ልጀምር። የሜሪላንድ የመብራት ቢላችሁን እስከ ታች አንብቡት። ዝርዝሩ ውስጥ «ኤምፓወር ሜሪላንድ» የሚል ክፍያ ታገኛላችሁ። በ2008 በወጣ ሕግ የመጣ ነው። ሕጉ የመብራት ኩባንያዎች ደንበኞቻቸው ኃይል እንዲቆጥቡ የሚያግዙ ፕሮግራሞችን እንዲያካሂዱ ያዛል። ወጪውን የሚሸፍነው ደግሞ ደንበኛው ነው። ክፍያው በተጠቀማችሁት ኪሎዋት ሰዓት ልክ ስለሚሰላ፣ ብዙ ያቃጠለ ብዙ ያዋጣል። ዋሽንግተን ዲሲም ተመሳሳይ ነገር አለ። «ዲሲ ሰስተይነብል ኢነርጂ ዩቲሊቲ» የሚባለው ድርጅት ሪቤት የሚሰጠው ከነዋሪው ቢል ላይ በሚሰበሰብ ገንዘብ ነው።

እንግዲህ የቴርሞስታት ሪቤት ማለት በየወሩ ሳናውቀው ያዋጣነውን ገንዘብ ማስመለስ ነው። የእኛ ሰው «ይመስገነው፣ ሠርቼ እበላለሁ፣ እርዳታ አልፈልግም» ሲለኝ የምመልስለት ይህንኑ ነው። እርዳታ አይደለም። ተራውን የቴርሞስታት ሪቤት ለመውሰድ ገቢህን የሚጠይቅህ የለም። አንድ ደንበኛዬ ለግሪን ካርድ ማመልከቻው ሰግቶ ቅጹን አልሞላም አለ። አሥራ ምናምን ዓመት ሙሉ ሌላው ሰው ለሚገጥመው ቴርሞስታት ሲያዋጣ ኖሯል፣ የራሱ ሲደርስ ግን ፈራ። ሰውየው ሞኝ ሆኖ አይደለም። ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ብቻ ከመጣ ሰው የገባውን ያህል ይገምታል።

አሁን ወደ ታክስ ክሬዲቱ። ኦገስት 2022 የተፈረመው ሕግ ቤቱን ለሚያሻሽል ሰው ከወጪው 30 በመቶ ታክሱ ላይ ይቀንስለት ነበር። በክረምት ለሚያሞቀው በበጋ ለሚያቀዘቅዘው ለሂት ፓምፕ በዓመት እስከ 2,000 ዶላር፣ በባለሙያ ለሚደረግ የቤት ኃይል ምርመራ እስከ 150 ዶላር ነበር። ቴርሞስታት ግን ለብቻው በዝርዝሩ ውስጥ አልተጠቀሰም። ስለዚህ «ቴርሞስታት ገዝተሃል? በል ክሬዲት አስገባልሃለሁ» የሚል የታክስ ሠራተኛ ካጋጠማችሁ፣ የትኛው መስመር ላይ እንደሚያስገባው ጠይቁት።

ይህም ሁሉ ቢሆን አሁን ተዘግቷል። ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ከዲሴምበር 31 ቀን 2025 በኋላ ለተገጠመ ዕቃ ክሬዲቱን አስቀርቶታል። በ2025 እስከዚያ ቀን ሂት ፓምፕ ያስገጠመ ሰው ግን የ2025 ታክሱን ሲሠራ ፎርም 5695 በሚባለው የታክስ ቅጽ ላይ ይጠይቃል፤ ረስቶ ፋይል ያደረገም ማስተካከል ይችላል። ሁለት ነገር ልብ ይበል። ከመብራት ኩባንያው ሪቤት ከወሰደ መጀመሪያ እሱን ከወጪው ላይ ይቀንሳል። ለምሳሌ ሥራው 6,000 ዶላር ፈጅቶ ኩባንያው 1,000 ከመለሰለት፣ 30 በመቶው የሚታሰበው በ5,000 ላይ ነው፤ 1,500 ዶላር ይሆናል። ሁለተኛ፣ ክሬዲቱ ያለብህን የገቢ ታክስ ይቀንሳል እንጂ ከዜሮ አልፎ ቼክ አይሆንልህም፣ ለሚቀጥለውም ዓመት አይተላለፍም። ኡበር የሚነዳ፣ ልጆች ያሉት ሰው የገቢ ታክሱ ዜሮ ሊሆን ይችላል። የሚከፍለው ለራሱ የሚሠራ ሰው ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚያዋጣውን ሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክስ ብቻ ነው፤ ይህ ክሬዲት ደግሞ እሱን አይነካውም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው «30 በመቶው ይመለስልሃል» ብሎ ዕቃ የሸጠለት ነጋዴ አጭበርብሮታል ባይ ነኝ። ቤቱን አከራይቶ ሌላ ቦታ የሚኖር ባለቤትም ለዚያ ቤት ክሬዲቱን አያገኝም።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚጠይቀኝ ወደ መልቲ ዞን ልምጣ፤ ቤቱን ከፋፍሎ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው ማሞቅና ማቀዝቀዝ ማለት ነው። እዚህ አካባቢ የእኛ ሰው በብዛት የሚገዛው ባለ ሦስት ፎቅ ታውንሃውስ ነው። አንድ ፈርነስ፣ ማለትም የቤቱ ማሞቂያ፣ ቤዝመንት (ምድር ቤት) ውስጥ፣ አንድ ቴርሞስታት ሳሎን ግድግዳ ላይ። በጁላይ ላይኛው መኝታ ቤት ምጣድ ይሆናል። ቤዝመንቱ ይበርዳል። ቤዝመንቱ ውስጥ ደግሞ ተከራይ አለ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ ቤት ለኤሲ ጥገና ተጠርቼ ገባሁ። የቤቱ እመቤት ላይ መተኛት አቅቷቸው ቴርሞስታቱን 68 ዲግሪ ፋራናይት ላይ አድርገውታል። ታች ስወርድ ተከራይዋ ሌሊት ነርሲንግ ሆም ሠርታ የገባች ልጅ ናት፤ በቀን ነው የምትተኛው። ጋቢ ተከናንባ ኤሌክትሪክ ሂተር ለኩሳለች። በጁላይ! የአየር መውጫውን ደግሞ በካርቶንና በፕላስተር ለጥፋዋለች። ያ ሂተር 1,500 ዋት ነው። አሥር ሰዓት ከሠራ 15 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ላይ ኤሲ፣ ታች ሂተር፣ በአንድ ቆጣሪ። ሴትዮዋ «ተከራይዋ መብራት ትጨርሳለች» ብለው ሊያስወጧት ነበር። ልጅቷ ደግሞ «እትዬ ሆን ብለው ያበርዱኛል» ትላለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ጠቡ የአየር ቧንቧው ነው።

መፍትሔው ዞን ነው። አየር የሚሄድበት ቧንቧ ውስጥ፣ ማለትም ዳክቱ ውስጥ፣ በሞተር የሚከፈትና የሚዘጋ ዳምፐር ይገባል። ፈርነሱ አጠገብ መቆጣጠሪያ ቦርድ ይሰቀላል። ለእያንዳንዱ ዞን የራሱ ቴርሞስታት ይደረጋል። ላይኛው ፎቅ ቀዝቃዛ አየር ሲጠይቅ የቤዝመንቱ ዳምፐር ይዘጋል። ሥራው ግን ቀልድ አይደለም። አንዱ ዞን ሲዘጋ ነፋሱ መሄጃ ያጣል፣ ዳክቱ ይጮኻል፣ ቁጥጥር ከሌለው የኤሲው ኮይል፣ አየሩን የሚያቀዘቅዘው ክፍል፣ በረዶ ይሠራል። ስለዚህ የነፋሱን መጠን ለክቶ የሚሠራ ሰው ያስፈልጋል። ወጪውም በቀላሉ ከ2,000 ዶላር ያልፋል።

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚታለለው። ሪቤቱ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው «ኢነርጂ ስታር» የሚባለው የኃይል ቆጣቢ ዕቃዎች ምልክት ላለው ቴርሞስታት ነው። ለዳምፐሩ፣ ለቦርዱና ለእጅ ዋጋው አይደለም። ሁለት ቴርሞስታት ካስገባችሁ በአንድ አካውንት ስንት እንደሚቀበሉ ከመግዛታችሁ በፊት ኩባንያው ድረ ገጽ ላይ እዩ፤ መጠኑ ይቀያየራል። ኢነርጂ ስታር ራሱ የሚለው ስማርት ቴርሞስታት በአማካይ ከማሞቂያና ማቀዝቀዣ ወጪ 8 በመቶ ገደማ፣ ማለትም በዓመት ወደ 50 ዶላር ይቆጥባል ነው። በዚህ ሒሳብ ዞኑ ወጪውን እስኪመልስ ልጆቻችሁ ኮሌጅ ይጨርሳሉ። ዞን የሚገባው ለእንቅልፍና ለሰላም ነው። ለዚያ ደግሞ እኔ ዋጋው ይገባዋል እላለሁ። በቢል ቁጠባ ስም ግን አይሸጥላችሁ።

ርካሹ አማራጭ ሴንሰር ነው። አንዳንድ ቴርሞስታቶች መኝታ ቤት የምታስቀምጧት ሙቀት የምትለካ ትንሽ ሴንሰር አላቸው። ሌሊት ቴርሞስታቱ ሳሎኑን ትቶ የመኝታ ቤቱን ሙቀት ይከተላል። ለእናንተ መልካም ነው። ነገር ግን ሴንሰር ዞን አይደለም፤ አየሩን ወደ ቤዝመንት ከመሄድ አያግደውም። በዚያ ቤት ቢገጠም ኖሮ ልጅቷ የባሰ ትበርድ ነበር።

ሌላም አለ። ግድግዳ ሥር በተዘረጋ ኤሌክትሪክ ማሞቂያ፣ ቤዝቦርድ በሚሉት፣ የሚሞቅ አፓርታማ ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ ተራውን ስማርት ቴርሞስታት ራሳችሁ አትግጠሙ። የእናንተ ሽቦ ብዙ ጊዜ 240 ቮልት ነው፣ ዕቃው የተሠራው ለ24 ቮልት ነው። እሳት ነው የሚያመጣው። ሂት ፓምፕ ያላችሁ ደግሞ በክረምት ከቤት ስትወጡ በጣም ዝቅ አድርጋችሁ ስትገቡ አትስቀሉት። ስክሪኑ ላይ «ኦክስ» የሚል ካያችሁ ውዱ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገብቷል ማለት ነው። ደግሞም ቤታችሁ በጣሪያው በኩል አየር የሚያስወጣ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ድፈኑ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ? ብዙዎቹ ኩባንያዎች ነፃ አጭር የቤት ምርመራ አላቸው፤ ከእሱ ጀምሩ።

ወደ ቅጹ ልመለስ፣ ምክንያቱም የእኛ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚያ ነው። አንድ ባልና ሚስት ቴርሞስታቱን ገጠምኩላቸው። ሚስት በራሷ ካርድ ነው የገዛችው፣ ደረሰኙ በእሷ ስም ነው። የመብራት አካውንቱ በባልየው ስም ነው። ማመልከቻው ተመለሰ፤ «ስሙ አይገጥምም» የሚል ኢሜይል መጣ። እዚህ አገር ባልና ሚስት አንድ የቤተሰብ ስም ይይዛሉ ተብሎ ይጠበቃል። እኛ ዘንድ እሷ የአባቷን፣ እሱ የአባቱን ስም ይዘው ይኖራሉ። ደውዬ ላስረዳ ብሞክር ስልኩን ያነሳችው ልጅ ትሁት ነበረች፣ ግን ከፊቷ ያለው ስክሪን አይቀበላትም። የጋብቻ ወረቀት ላኩ አሉ። ለአንድ ቴርሞስታት የጋብቻ ወረቀት! ሰውየው ተናዶ ተወው። እኔ አሁን ለሁሉም የምለው አንድ ነው፤ ደረሰኙ አካውንቱ ላይ ባለው ስምና አድራሻ ይቆረጥ። የዕቃውን ሲሪያል ቁጥር ካርቶኑን ከመጣላችሁ በፊት ፎቶ አንሱት። በካሽ ያለ ደረሰኝ ያሠራ ሰው ሪቤት አያገኝም። ይህን ስል የሥራ ባልደረቦቼ እንደሚቀየሙኝ አውቃለሁ።

ቅጹን ስትሞሉ አንድ ምልክት የምታደርጉባት ሳጥን ልትኖር ትችላለች። በከባድ ሙቀት ቀን ኩባንያው ከሩቅ ሆኖ የኤሲያችሁን ሥራ ትንሽ እንዲቀንስ መፍቀድ ናት። ለዚህ ኩባንያው ተጨማሪ ገንዘብ ሊከፍላችሁ ይችላል። እኔ ክፉ ነገር ነው አልልም። ነገር ግን ቀን የሚተኛ የሌሊት ሠራተኛ ወይም ጨቅላ ሕፃን ያለበት ቤት ሳያውቅ እንዳይፈርም።

«ነፃ ቴርሞስታት» ብሎ በር የሚያንኳኳ ሰው ቢልህን ላየው ካለህ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። የሚፈልገው የአካውንት ቁጥርህን ነው። ቁጥሩን ካገኘ ወደ ሌላ ኃይል ሻጭ ሊያዞርህ ይችላል፣ ቢሉ ሲመጣ ነው የሚገባህ። እውነተኛው ሪቤት በር አያንኳኳም። አንተ ነህ ኩባንያው ድረ ገጽ ገብተህ የምትጠይቀው።

አዘጋጁን የምጠይቀው ይህን ነው። ዲሲ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አማርኛ ተናጋሪውን በቋንቋው ያስተናግዳሉ፤ ሞንትጎመሪ ካውንቲም በአማርኛ ይጽፋል። ከቢላችን ላይ ገንዘብ የሚሰበስቡት ኩባንያዎች የሪቤት ቅጹን በአማርኛ የማያወጡበትን ምክንያት ጋዜጣችሁ ደውሎ ይጠይቅልን። እስከዚያው ድረስ የአንድ ቢል ፎቶ ስሙንና ቁጥሩን ሸፍናችሁ፣ የኤምፓወርን መስመር በቀይ አክብባችሁ አትሙልን። የቅጹን ጥያቄዎች ወደ አማርኛ መመለሱን ለእኔ ተዉት። የቴክኒክ ቃላቱን ስለማውቃቸው አልቸገርም፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሥራ የለኝም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ የማሞቂያና የኤሲ ቴክኒሻን
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ