ለወላጆች፦ በክረምት ልጆቻችሁን ስለሚያስጠኑ በጎ ፈቃደኞች

ውድ ወላጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ሰኔ 30 ትምህርት ይዘጋል። ከሐምሌ ጀምሮ ደግሞ እንደ ወትሮው ለእረፍት የተመለሱ የዩኒቨርሲቲ ልጆች እየመጡ የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣሉ። ባለፈው ሳምንት አንድ አባት በር ላይ አግኝተውኝ «በነፃ ለሚያገለግል ልጅ ይሄ ሁሉ ወረቀት ምንድን ነው?» አሉኝ። ሌሎቻችሁም ስታጉረመርሙ ሰምቻለሁና ለሁላችሁም ልመልስ።

አምና የሆነውን ልንገራችሁ። ነሐሴ ላይ ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እኔ ባልዲ ፍለጋ በኋለኛው ሕንፃ በኩል ሳልፍ የአንድ ክፍል በር ተዘግቷል። ከፈትኩት። አንድ ወጣትና አንዲት የ4ኛ ክፍል ተማሪ ብቻቸውን ተቀምጠው ክፍልፋይ ይሠራሉ። በሩን የዘጉት ብርዱን ፈርተው ነው። እናቷ ባሉበት ልጅቷን አነጋገርናት፣ ምንም የተፈጠረ ነገር የለም። ግን ቢሮ ተመልሼ መዝገቡን ስገልጥ ያገኘሁት የወጣቱን ስም ብቻ ነው። የአባት ስም የለም። ስልኩ ሲደወል አይሠራም። ጥበቃውን ስጠይቀው «የሰፈር ልጅ ነው እኮ፣ እናውቀዋለን» አለኝ። መምህራኑም እንደዚያው። ሁሉም ያውቀዋል፣ ቤቱ የት እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው ግን ጠፋ። የዚያን ዕለት ማታ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ጥፋቱ የልጁ አይደለም፣ የእኔ ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ «እናውቀዋለን» አይሠራም። የሚመጣው ሁሉ የፋይዳ ወይም የቀበሌ መታወቂያ ያሳያል፣ ስለ እሱ የሚመሰክሩ፣ ዘመዱ ያልሆኑ ሁለት ሰዎችን ስም ይሰጣል፣ ለሁለቱም እኛው ራሳችን እንደውላለን። ከዚያ ፌዴራል ፖሊስ በአሻራ የሚሰጠውን ከወንጀል ነፃ ማስረጃ ያመጣል። ክፍያውን ትምህርት ቤቱ ይችላል፤ የሚያገለግል ተማሪን ከኪስህ አውጣ ማለት ነውር ነው።

እውነቱን ለመናገር ወረቀቱ ብቻውን ብዙ አያስተማምንም። ተይዞ የማያውቅ ጥፋተኛም ንጹሕ ማስረጃ ይዞ ይመጣል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሰውዬው ከገባ በኋላ ያለው ነገር ነው። ማጠናከሪያው ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት መሬት ላይ ባሉት ክፍሎች ብቻ ይሰጣል፣ በሩ ክፍት ይሆናል (ብርድ ነው ካላችሁ ሹራብ ደርቡላቸው)፣ ማንም በጎ ፈቃደኛ ከአንድ ልጅ ጋር ለብቻው አይቀመጥም። አንድ መምህር ሁልጊዜ ግቢው ውስጥ ይኖራል። ልጅን ቤት ማድረስ፣ የሞባይል ካርድ መግዛት፣ በቴሌግራም መጻጻፍ፣ ፎቶ አንስቶ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ የለም። ይህን ያፈረሰ፣ ለደግ አስቦም ቢሆን፣ በማግስቱ አይመጣም።

አንድ ከባድ ነገር ልጨምር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 626 እና 627 በልጆች ላይ የሚፈጸም የወሲብ ጥቃትን ይቀጣል፣ ጥቃት አድራሹ ልጁን የሚያስተምር ወይም በአደራ የተቀበለ ሲሆን ደግሞ ቅጣቱ ይከብዳል። ይህን የማነሳው ላስፈራራችሁ አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ «ለልጅቷ ስም ሲባል በሽማግሌ ይለቅ» የሚል አይጠፋም፣ እኔም ከዚህ በፊት በሠራሁበት ቦታ ሲባል ሰምቻለሁ። እዚህ ግቢ ውስጥ አይሆንም። ጥርጣሬም ቢሆን የዚያኑ ቀን ለወላጅና ለፖሊስ ይነገራል።

ከእናንተ የምፈልገው ትንሽ ነው። ልጆቹ ቤት ሲገቡ «ምን ተማርክ?» ብቻ አትበሉ፤ «ከማን ጋር ተቀመጥክ? ለማንም እንዳትናገር ያለህ ሰው አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጁ ዝም ካለ አትቆጡት፣ ለኔ ደውሉልኝ፣ በእሑድም ቢሆን።

ማገልገል የምትፈልጉ ወላጆችም ተመዝገቡ፣ የናንተም ፎርም ያው ነው። እህቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ንባብ ታለማምዳለች፤ ባለፈው ባጅዋን ረስታ መጥታ ጥበቃው ከበር መለሳት። እሱን አመሰገንኩት። እሷ እስካሁን ስልኬን አታነሳም።

ከአክብሮት ጋር
ርዕሰ መምህሩ