ዳገቱን በታክሲ፣ ቁልቁለቱን በእግር

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽም መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እየወሰደ ነው።

በባዶ ሆድ የተለካሽው ስኳር 112 መሆኑን ከነገርሽኝ ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ አንቺ ጋር ነው። ከ100 እስከ 125 ያለው ገና በሽታ አይባልም፤ 126 ደርሶ በድጋሚ ምርመራ ሲረጋገጥ ነው ስኳር በሽታ የሚባለው። ስለዚህ መመለስ ትችያለሽ። በነርስነት ስሠራ ይህን ጊዜ እንደ ዋዛ ያሳለፉ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ፤ አንቺ ከእነሱ እንድትሆኚብኝ አልፈልግም።

በእግር መሄድ መጀመርሽ ደስ ብሎኛል። ግን ቱሉ ዲምቱ አስፋልት ዳር ያንኑ ሜዳ ብቻ አትመላለሺ። ዳገት ልብንና ሳንባን እንደሚያሠራ ሁሉም ያውቃል። ቁልቁለቱን ግን ሰው ሁሉ እንደ እረፍት ይቆጥረዋል፤ እኔ ደግሞ ላንቺ ከሁሉ የምመርጠው እሱን ነው። ስትወርጂ የጭንሽ የፊት ጡንቻ እየተለጠጠ እንደ ፍሬን ክብደትሽን ይይዛል። የኦስትሪያ ሐኪሞች በአልፕስ ተራራ ላይ ሰዎችን አንድ ሰሞን በእግር አስወጥተው በኬብል (በገመድ ተንጠልጥሎ በሚሄድ ማመላለሻ) አወረዷቸው፤ ሌላ ሰሞን በኬብል አስወጥተው በእግር አወረዷቸው። መውጣቱ የደም ቅባትን ሲቀንስ፣ መውረዱ ደግሞ ሰውነታቸው ስኳርን የመጠቀም አቅሙን አሻሻለው። ዳገት ለማይችል ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እኛ ኬብል ባይኖረን የእንጦጦ ታክሲ አለን። ከሽሮ ሜዳ ተሳፍረሽ ማርያም ድረስ ውጪና በእግርሽ ውረጂ። እርምጃሽን አሳጥሪ፣ ጉልበትሽን ትንሽ አጠፍ አድርጊ፣ ጣቶችሽ ወደ ጫማው ጫፍ እንዳይገፉ ማሰሪያውን ጠበቅ አድርጊ። ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች አረማመድ አስተውዪ፤ አጭርና የተጠና ነው። (ሸክሙ ግን ወገባቸውን ይጎዳዋል፤ ባየኋቸው ቁጥር አንጀቴን ይበሉታል።) በማግስቱና በሠልስቱ ጭንሽ ቢያምሽ አትደንግጪ፤ ሲደጋገም ይተዋል። ጉልበትሽን ከወጋሽ ግን አቁሚና ታዪ።

መናገሻ ሱባ ጫካም አልፎ አልፎ እንሂድ። እዚያ በጥዱና በዝግባው መካከል ሥሩንና ድንጋዩን እየመረጥሽ ስትረግጪ ቁርጭምጭሚትሽ ይጠነክራል፣ ሚዛን መጠበቅ ትለምጃለሽ። ከቢሮ ይዘሽው የመጣሽው ሐሳብም ይቀልልሻል። ብቻሽን ግን እንዳትገቢ።

ሜዳሽንም ተዪው አላልኩሽም። እራት እንደበላሽ ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ 15 ደቂቃ ዙሪ፤ ምግቡ ወደ ደምሽ የሚያመጣውን ስኳር ጡንቻሽ ወዲያው ይጠቀምበታል። በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይመከራል፤ ከእራት በኋላ ያለው ብቻ እንኳ ከግማሽ በላይ ያደርስሻል።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሽሮ ሜዳ ታክሲ ተራው ጋ እንጠብቅሻለን። ቁርስሽን በልተሽ፣ ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ አድርገሽ ነይ፤ ውኃ እኔ እይዛለሁ። አባትሽ የስኳር መርፌ ስለሚወጋ ስኳሩ ቢወርድበት ብለሽ ከረሜላ በቦርሳሽ ያዢለት።

እናትሽ