የሥነ ጽሑፍና የድራማ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ በሱሉልታ የተፈለገው «ገዳይ»

ክበባችን ዘንድሮም በወላጆች በዓል ላይ አጭር ተውኔት አቅርቧል፤ በሰልፍ ሰዓትም ግጥም አንብቧል። ይህን መዘርዘር አያስፈልገኝም፤ የአባላቱ ወሬ ከየካቲት ወዲህ በሱሉልታ አድረን ስለተጫወትነው የምስጢራዊ ግድያ ጨዋታ ብቻ ነውና።

በጨዋታው ተጠርጣሪ የሚሆን ሁሉ ስሙ፣ ማንነቱና የሚደብቀው ምስጢር የተጻፈበት ፖስታ ይቀበላል፤ የቀሩት መርማሪዎች ናቸው። የእኛ ሟች ልጁን ሊድር የተሰናዳ ቡና ነጋዴ ነበር። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ተጠርጣሪዎቹን አሥራ አምስት ሊያደርሷቸው ፈለጉ። እኔ ግን እንግሊዛውያን በ1949 (እ.ኤ.አ.) ለገበያ ያቀረቡት ክሉዶ የተባለው የገበታ ጨዋታ በ6 ተጠርጣሪ፣ በ6 መሣሪያና በ9 ክፍል ብቻ 324 ዓይነት መልስ ሊኖረው እንደሚችል በሰሌዳ ላይ አባዝቼ ካሳየኋቸው በኋላ በስድስት ተስማማን። (ለወላጆች በላክሁት ደብዳቤ ላይ «የግድያ ጉዞ» ብዬ በመጻፌ ሁለት አባቶች ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው ነበር፤ በሁለተኛው ደብዳቤ «የምርመራ ተውኔት» ተባለ።)

ቅዳሜ እንጦጦን ተሻግረን ማረፊያው እንደደረስን በቀይ ሥር ጭማቂ ያቀለምሁትን ነጭ ሸሚዝ ከጓሮው ገንዳ አጠገብ ጣልሁት። ከምሳ በኋላ መርማሪዎቹን ይዤ ስሄድ ሸሚዙ ታጥቦ፣ ነጭ ሆኖ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ለሥራ አስኪያጁ ነግሬ ለጽዳት ሠራተኛዋ አለመንገሬ የራሴ ጥፋት ነው፤ ወደፊት ከዘበኛው እስከ ወጥ ቤቷ ድረስ ሁሉም አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል። መርማሪዎቹ ግን «ገዳዩ ማስረጃ አጠፋ» ብለው ክሳቸውን በዚያ ላይ ገነቡ።

ምሽቱ በጩኸት አለፈ። እያንዳንዱ ቡድን ያገኘውን ፍንጭ ከሌላው ደብቆ ለመክሰስ ተጣደፈ፤ በእኔ እምነት ይህን ጨዋታ የሚያከስረው ችኮላና ንፍገት ነው። ስለዚህ እሁድ ጠዋት አውጫጭኝ ተቀመጥን። በቀድሞው ዘመን ወንጀለኛው ሳይታወቅ ሲቀር የአገሩ ሰው በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ አይመለስም ነበር፤ ያየውን በስውር የሚናገረውም «ወፍ» ይባል ነበር። እኛም በባሕር ዛፎቹ ሥር ክብ ሠርተን፣ ያለንን ፍንጭ ሁሉ መሐል ላይ አኑረን «ተጠየቅ» ተባባልን።

ከቅዳሜ ጀምሮ አንድ ቃል ያልተነፈሰች የ9ኛ ክፍል ተማሪ ያን ጊዜ ተነሥታ የጽዳት ሠራተኛዋ እንድትጠራላት ጠየቀች። «እትዬ፣ ሸሚዙን ሳያጥቡት በፊት ቀዩ የት ላይ ነበር?»

«የግራ እጅጌው ላይ፤ አልለቅ ብሎኝ ሁለቴ ነው ያሸሁት።»

ሁሉም ዞር ብሎ የነጋዴውን ሒሳብ ሠራተኛ ወደሚጫወተው ልጅ ተመለከተ፤ እሱም በግራ እጁ የያዘውን እስክሪብቶ ቀስ ብሎ ወደ ቀኙ አዛወረ።