ቤቱ ያልፈረሰበትም ይቆጠር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ ስለሚሠራው አውሮፕላን ማረፊያ የሚወጡ ዘገባዎችን እከታተላለሁ። ሲጠናቀቅ በዓመት ከ100 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ እንደሚያስተናግድ፣ ከመሬታቸው ለሚነሡት ገበሬዎች ስለሚሰጠው ካሳና ምትክ ቤት ብዙ ተብሏል፤ መባሉም ተገቢ ነው። ሳይነሣ እዚያው አጥሩ ሥር ስለሚቀረው ሰው ግን አንድ መስመር አላነበብኩም።

ይህን ማንሳቴ ጉርድ ሾላ ስለምኖርና የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ስለሆንኩ ነው። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከተደሰቱት አንዱ ነበርኩ፤ ያኔ እንደ ርቀቱ በ2፣ በ4 እና በ6 ብር መሄድ ትልቅ ነገር ነበር። ቤቴም አልፈረሰም፤ ካሳ የምጠይቅበት ምክንያት የለኝም። ነገር ግን ከመገናኛ ወደ አያት የሚወስደው ሐዲድ መንገዱን መሃል ለመሃል ከፍሎ፣ በአጥር ተከልሎ ነው የሚያልፈው፤ የእድሩ አባላት ደግሞ ከመንገዱ ወዲህም ወዲያም አለን። ድሮ ለቅሶ ሲሆን ጎረምሶቹ ድንኳኑንና ወንበሩን ተሸክመው ቀጥ ብለው ይሻገሩ ነበር። ዛሬ መሻገሪያው ድረስ ዞሮ መሄድ፣ አለዚያም ፒካፕ መከራየት ነው። ለአንድ ድንኳን! ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቶች ማዶ ሰው ሲሞት ለቅሶ በስልክ መድረስ ጀምረዋል። ጥቂት አባላት እዚያው ማዶ የራሳቸውን እድር አቋቋሙ። አልፈርድባቸውም፤ ስማቸውን ከመዝገቡ የሰረዝኩት ግን እኔው ነኝ።

የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ጥናቱ ከግንባታ በፊት እንዲካሄድ፣ ሕዝብም አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። ጥሩ ሕግ ነው። ሆኖም ሐዲድ ካርታ ላይ ሲያዩት ቀጭን መስመር ነው፤ ለቅሶ እንዴት እንደሚሻገሩ ማንም አያስብም። እኛም ብንሆን ያኔ ያስጨነቀን ቤት ይፈርሳል አይፈርስም የሚለው ብቻ ነበር።

ስለዚህ ግምገማው ባቡሩ መሄድ ከጀመረ፣ አውሮፕላኑ ማረፍ ከጀመረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይደገም። ገምጋሚዎቹ በመኪና ሳይሆን በእግራቸው ይምጡ፤ በተለይ ተማሪ በሚለቀቅበት ሰዓት። ማዶ ካለው ወፍጮ ቤትና ጤና ጣቢያ ለመድረስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ይለኩ፤ ድንኳን ተሸክመው ቢሞክሩትማ እሰየው። ከ2008 በፊትና በኋላ የነበረውን ማነጻጸር ከፈለጉ የእድሩ መዝገብ እኔ ጋ አለ።

የእድር ጸሐፊ፣ ከጉርድ ሾላ